ኤስኪውላይት ሲበላሽ የሚጠገነውና የማይጠገነው፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሱቆች የተጻፈ ግምገማ

ደሴ ፒያሳ ያለ መድኃኒት ቤት ወይም ኮምቦልቻ ያለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሽያጩን በኮምፒውተር የሚመዘግብ ከሆነና ፕሮግራሙ ሰርቨር ሳያስፈልገው ዳታውን ሁሉ በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ሞተር ኤስኪውላይት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የምንገመግመው ያንን ሞተር ነው። በተለይ የምናየው መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ፕሮግራሙ «ፋይሉ ዳታቤዝ አይደለም» ወይም «የዳታቤዙ ምስል ተበላሽቷል» ብሎ አልከፍትም ሲል ምን ያህሉ ሊመለስ እንደሚችል ነው። ባለሱቁ ይህን መልእክት ሲያይ የዓመት ሒሳቡ የጠፋ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ሽያጩ፣ ዕዳውና የዕቃ ቆጠራው በቦታው አለ፤ የተበላሹት ሞተሩ ፋይሉን ለማንበብ የሚመራባቸው ጥቂት ባይቶች ናቸው።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። የፋይሉን አወቃቀር ከ10 9 ሰጥተነዋል። አብረውት የሚመጡትን የጥገና መሣሪያዎች 8። ብልሽትን በጊዜ የማሳወቅ አቅሙን ግን ከ5 በላይ ልንሰጠው አልቻልንም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ዘጠኝ የሰጠንበት ምክንያት አንድ ነው። ኤስኪውላይትን እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ሪቻርድ ሂፕ ነው፤ ኮዱም የማንም ንብረት ሆኖ አልተያዘም፤ ፈቃድም ክፍያም አይጠየቅበትም። አሁን የምንሠራበት ሦስተኛው የፋይል ቅርጽ ከ2004 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ ፋይል ዛሬም ይከፈታል። አዘጋጆቹም ይህን ተስማሚነት እስከ 2050 ለመጠበቅ ቃል ገብተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት ምን እንደሚይዝ በይፋ ተጽፏል። ሰነዱን አትሞ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠ የደሴ ባለሙያ ኢንተርኔት ባይኖርም፣ የሶፍትዌሩን ሻጭ ስልክ ሳይለምን፣ ፋይሉን ከፍቶ ሊጠግን ይችላል። ቅርጻቸውን ደብቀው የሚሸጡ የሒሳብ ፕሮግራሞች ሲበላሹ ይህ መብት የለም።

ፋይሉን ከመንካት በፊት

መጀመሪያ መታየት ያለበት ከዋናው ፋይል ጎን ስሙ በ«ጆርናል» ወይም በ«ዋል» የሚያልቅ ሌላ ፋይል መኖሩ ነው። እነዚህ ቆሻሻ አይደሉም፤ የዳታቤዙ አካል ናቸው። የጆርናል ፋይል በግማሽ የቀረ ጽሑፍ ወደ ነበረበት የሚመለስባቸውን አሮጌ ገጾች (ገጽ ማለት ፋይሉ ከተከፋፈለባቸው እኩል ቁራጮች አንዱ ነው) ይይዛል፤ ከጠፋ ዳታቤዙ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ዋል ደግሞ በተቃራኒው ገና ወደ ዋናው ፋይል ያልገቡትን አዳዲስ ገጾች ይይዛል። ሞተሩ ወደ ዋናው ፋይል የሚያስተላልፋቸው ዋሉ 1000 ገጽ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ገጹ 4096 ባይት ከሆነ 4 ሜጋባይት ያህል ማለት ነው። ለአንድ ትንሽ ሱቅ 4 ሜጋባይት የቀናት ሽያጭ ሊይዝ ይችላል። ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ዋሉ ተጠቃሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከብልሽት በኋላ ዋል ተቀምጦ ከተገኘ ኮምፒውተሩ በሥርዓት እንዳልተዘጋ ይናገራል፤ የቅርብ ጊዜውን ሽያጭም የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል።

እዚህ አካባቢ ጎልቶ የሚታየው ስሕተት ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ወደ ጥገና ቤት መላክ ነው። ሌላው ደግሞ «ለጥንቃቄ» ብሎ የዋናውን ፋይል ስም መቀየር ነው፤ የዋሉ ስም አብሮ ካልተቀየረ ሞተሩ አያገኘውም። ጨዋ ባለሙያ ለባለሱቁ የሚለው «ጋሼ፣ ምንም አይሰርዙ፣ ፕሮግራሙንም ደግመው አይክፈቱት፣ ፎልደሩን ሙሉውን ያምጡልኝ» ነው። እሱም ሁለት ቅጂ ያወጣል፦ አንዱን ማንም አይነካውም፣ ሥራው በሁለተኛው ላይ ይሆናል። ይህን የማያደርግ ጥገና ቤት የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን አይመከርም።

መቶው ባይት

የፋይሉ የመጀመሪያ 100 ባይት የዳታቤዙ ሄደር፣ ማለትም ሞተሩ ፋይሉን ለማንበብ የሚመራበት መግለጫ ነው። ቦታ የሚቆጠረው ከ0 ጀምሮ ነው፤ ከአንድ ባይት በላይ የሚይዝ ቁጥር ሁሉ ትልቁ ባይት ቀድሞ ይጻፋል። የምንከተለው መርህ ይህ ነው፦ አንድ ፊልድ (አንድ ዋጋ የሚጻፍበት ቦታ) በእጅ የሚስተካከለው ትክክለኛ ዋጋውን የሚመሰክር ሌላ ነገር በዚያው ፋይል ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው። ምስክር የሌለውን ፊልድ በግምት መሙላት ጥገና አይደለም።

የስሕተቱ ቁጥር ራሱ መንገድ ያሳያል። ቁጥር 26 ከሆነ፣ ማለትም «ዳታቤዝ አይደለም» ካለ፣ ችግሩ ከመጀመሪያዎቹ 24 ባይቶች ውስጥ ነው። ሞተሩ በዚህ መልእክት የሚመልሰው ፋይሉ የኤስኪውላይት መሆኑን የሚናገረው የመለያ ጽሑፍ ሲዛባ፣ የገጹ መጠን ከ512 እስከ 65536 ካሉት የሁለት ርቢዎች አንዱ ሳይሆን ሲቀር፣ ባይት 19 ከ2 ሲበልጥ ወይም ባይት 21፣ 22 እና 23 በተከታታይ 64፣ 32፣ 32 ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። ፋይሉ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ከሆነም መልእክቱ ይኸው ነው፤ ያኔ ባይት መነካካት ጥፋት ብቻ ያመጣል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው መጠየቅ ይቀድማል። ቁጥር 11 ከሆነ ግን በሩ ተከፍቶ ውስጥ ከገባ በኋላ የተገኘ ብልሽት ነው።

የመለያው ጽሑፍና ሦስቱ ቋሚ ባይቶች በየትኛውም ኤስኪውላይት ፋይል አንድ ናቸው፤ ከሌላ ጤነኛ ፋይል ቢገለበጡ ስጋት የለውም። የገጹ መጠን በባይት 16 እና 17 ላይ ነው። ከ3.12.0 ስሪት፣ ማለትም ከመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነባሪ 4096 ሲሆን ባይቶቹ 16 እና 0 ይሆናሉ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ነባሪ 1024 ነው። ምስክሩ ቀላል ነው። የፋይሉ መጠን ለ4096 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት፣ በየ4096ቱ መጀመሪያ ላይም በአብዛኛው 13፣ 5፣ 10 ወይም 2 መታየት አለበት። እነዚህ አራቱ የገጽ ዓይነት ምልክቶች ናቸው።

ባይት 18 እና 19 ሁለቱም 1 ከሆኑ ጆርናል፣ ሁለቱም 2 ከሆኑ ዋል ነው። «ፋይሉ አልከፈት ሲል 2ቱን ወደ 1 ቀይረው» የሚል ምክር ይነገራል። ዋሉ ውስጥ ገጽ ቀርቶ ከሆነ ይህ ምክር ያንን ሽያጭ ይቀብረዋል። መቀየር ካስፈለገ ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ በ«ፕራግማ ጆርናል ሞድ» ትእዛዝ ይቀየር፤ ሞተሩ ራሱ ዋሉን አጠቃሎ ይለውጠዋል።

ከባይት 56 እስከ 59 ያለው የፊደል አጻጻፍ ነው፤ 1 ዩቲኤፍ-8፣ 2 እና 3 ደግሞ ሁለቱ የዩቲኤፍ-16 ዓይነቶች ናቸው። በአማርኛ ለሚጻፍ ዳታ ይህ ፊልድ በጣም ግልጽ ምስክር አለው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ 225 ነው፤ ቀጣዩም በተለመዱት ፊደሎች ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ይወድቃል። «ደሴ» ስድስት ባይት ነው፦ 225 139 176 225 136 180። «ኮምቦልቻ» 15 ባይት ይይዛል። የዕቃና የደንበኛ ስሞች በዚህ ቅርጽ ከታዩ ፊልዱ 1 መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ሁለተኛ ባይት 18 ወይም 19 እየተደጋገመ ከታየ ግን ዩቲኤፍ-16 ነው፤ 18ቱ ከጥንዱ ኋላ ከመጣ 2፣ ከፊት ከመጣ 3። ይህ ፊልድ ሲዛባ የሠንጠረዦቹ ስም ራሱ ስለማይነበብ ዳታው ሁሉ የጠፋ ያስመስላል፤ ነገር ግን አንድ ባይት በማስተካከል ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

የነፃ ገጾችን መጀመሪያና ብዛት የሚይዙት ፊልዶች፣ ባይት 32 እና ባይት 36 ላይ የሚጀምሩት፣ ከተጠረጠሩ ሁለቱንም 0 ማድረግ ይቻላል። የሚከተለው ጉዳት ነፃ የነበሩት ገጾች ባለቤት አልባ መሆናቸው ብቻ ነው። የፍተሻው ትእዛዝ («ፕራግማ ኢንተግሪቲ ቼክ») «ይህ ገጽ ጥቅም ላይ አልዋለም» እያለ ይዘረዝራቸዋል፤ በኋላ ፋይሉን እንደ አዲስ አጥብቆ በሚጽፈው «ቫኪዩም» ትእዛዝ ይጸዳሉ። ባይት 60 ላይ ያለው ግን በፋይሉ ውስጥ ምንም ምስክር የለውም። የፕሮግራሙ ጸሐፊ የራሱን ስሪት የሚጽፍበት ቦታ ነው። ወደ 0 ከወረደ አንዳንድ ፕሮግራም ፋይሉን አዲስ መስሎት ሠንጠረዦችን ደግሞ ለመፍጠር ይሞክራል። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ያንኑ ፕሮግራም በተመሳሳይ ስሪት ከሚጠቀም ሌላ ኮምፒውተር ነው።

የገጽ ብዛት የሚጻፍበት ፊልድ

ባይት 28 ላይ የሚጀምረው ባለ 4 ባይት ፊልድ ዳታቤዙ ስንት ገጽ እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ፊልድ ረዘም አድርገን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም የአሠራሩ ብልህነት እዚህ ላይ ይታያል፤ በእጅ የሚጠግኑ ሰዎችም አብዝተው የሚሳሳቱት እዚሁ ነው።

የድሮዎቹ ስሪቶች ይህን ፊልድ አያዩትም ነበር፤ የገጹን ብዛት ከፋይሉ መጠን ያሰላሉ። ከ3.7.0፣ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞተሩ ሄደሩ ላይ ያለውን ቁጥር መጠቀም ጀመረ። ችግሩ ግልጽ ነው፦ አንዱ ኮምፒውተር አሮጌ ስሪት፣ ሌላው አዲስ ስሪት ከሆነና ሁለቱም ያንኑ ፋይል ከጻፉበት፣ አሮጌው ፋይሉን ያሳድግና ፊልዱን ሳያድስ ይተወዋል። መፍትሔው ሁለት ሌሎች ፊልዶችን ማስተያየት ሆነ። ባይት 24 ላይ በለውጥ ጊዜ ከፍ የሚል ቆጣሪ አለ። ባይት 92 ላይ ደግሞ አዲሱ ስሪት የገጹን ብዛት ሲጽፍ የዚያን ጊዜውን ቆጣሪ ይገለብጣል። አሮጌው ስሪት 24ን ከፍ ያደርጋል፣ 92ን ግን አያውቀውም። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ከሆኑና ፊልዱ 0 ካልሆነ ብቻ ሞተሩ ቁጥሩን ያምነዋል፤ ካልሆነ ወደ ፋይሉ መጠን ይመለሳል። የቆየውን ፋይል ሳይሰብር አዲስ ፊልድ ለማስገባት ከዚህ የተሻለ መንገድ ለማሰብ ይከብዳል።

አሁን ወደ ጥገናው። ፋይሉ 48,300,032 ባይት ነው እንበል። ለ4096 ሲካፈል 11,792 ገጽ ይወጣዋል። 24 እና 92 እኩል ሆነው ሄደሩ ላይ ያለው 11,800 ከሆነ ፋይሉ ከጫፉ 8 ገጽ ተቆርጧል፤ ሞተሩም በቁጥር 11 ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ፍላሽ ቶሎ ሲነቀል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን ከምንጩ ዳግም መገልበጥ ይሞከር። የማይሆን ከሆነ «ፕራግማ ራይተብል ስኪማ» ሲበራ ሞተሩ በፋይሉ መጠን ተስማምቶ ይከፍታል፤ በቅጂው ላይ ባይት 28ን ወደ 11,792 ማውረድም ያው ውጤት ይሰጣል። ሁለቱም የጠፉትን 8 ገጾች አይመልሱም፤ የቀረውን ለማንበብ ብቻ ይረዳሉ።

አደገኛው ተቃራኒው ነው። ሄደሩ ላይ ያለው ከእውነቱ ካነሰ፣ ለምሳሌ 11,000 ካለ፣ ፋይሉ ያለ ምንም ጩኸት ሊከፈት ይችላል፤ ከ11,000 በላይ ያሉት ገጾች ግን ለሞተሩ የሉም። ባለሱቁ ሽያጭ መመዝገቡን ከቀጠለ ሞተሩ አዲስ ገጽ ሲፈልግ 11,001 ብሎ በነባሩ ዳታ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ «ተከፍቷል፣ ግን የቅርብ ጊዜው ሽያጭ አይታይም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ አንድም ደረሰኝ ሳይቆረጥ ይህ ፊልድ መታየት አለበት።

የገጹ ሄደር

ሠንጠረዦችና ኢንዴክሶች (የመፈለጊያ ማውጫዎች) የሚቀመጡት ቢ-ትሪ በሚባል የዛፍ አወቃቀር ነው። እያንዳንዱ የቢ-ትሪ ገጽ የራሱ ሄደር አለው፤ የቅጠል ገጽ 8 ባይት፣ ወደ ሌሎች ገጾች የሚመራ የውስጥ ገጽ 12 ባይት። ባይት 0 ዓይነቱ ነው፦ 13 የሠንጠረዥ ቅጠል፣ 5 የሠንጠረዥ ውስጥ፣ 10 የኢንዴክስ ቅጠል፣ 2 የኢንዴክስ ውስጥ። 1 እና 2 የመጀመሪያው ነፃ ቁራጭ የት እንዳለ፣ 3 እና 4 የሴሎች (በገጹ ውስጥ ያሉ መዝገቦች) ብዛት፣ 5 እና 6 የሴሎቹ ይዘት የሚጀምርበት ቦታ፣ 7 የብጥስጣሽ ባይቶች (በሴሎች መካከል የቀሩ ትናንሽ ክፍተቶች) ድምር። በውስጥ ገጽ ከ8 እስከ 11 የቀኝ ጫፍ ልጅ ገጽ ቁጥር ይጨመራል። ከሄደሩ ቀጥሎ የሴሎቹ ፖይንተሮች (እያንዳንዱ ሴል የት እንዳለ የሚጠቁሙ ቁጥሮች) እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ባይት ይዘው ይደረደራሉ፤ ይዘቱ ግን ከገጹ ጫፍ ወደ ኋላ ይሞላል።

ገጽ 37ን እንውሰድ። በፋይሉ ውስጥ የሚጀምረው 36 በ4096 ተባዝቶ 147,456 ላይ ነው። ጤነኛ ሳለ ስምንቱ ባይቶች 13፣ 0 0፣ 0 42፣ 8 120፣ 0 ነበሩ፤ 42 የሽያጭ መስመር፣ ይዘቱ ከ2168 የሚጀምር፣ ነፃ ቁራጭም ብጥስጣሽም የሌለው። አሁን የሴሎች ብዛት 0 0 ሆኗል። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ስሕተትም ላይል ይችላል፣ 42ቱ ሽያጮች ግን የሉም። ፍተሻው ሲታዘዝ «በገጽ 37 የ1928 ባይት ብጥስጣሽ 0 ተብሎ ተመዝግቧል» የሚል መልእክት ያወጣል። 1928 ማለት 4096 ሲቀነስ 2168 ነው፤ ከይዘቱ መጀመሪያ እስከ ገጹ ጫፍ ያለው ሁሉ ባለቤት አጥቷል ማለቱ ነው። መልእክቱን እንዲህ ማንበብ የቻለ ባለሙያ የተበላሸው ይዘቱ ሳይሆን ብዛቱ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ጥገናው ፖይንተሮቹን መቁጠር ነው። ከ147,464 ጀምሮ ሁለት ሁለት ባይት እየተነበበ ይሄዳል፤ 42 ፖይንተር 84 ባይት ስለሚይዝ የመጨረሻው 147,547 ላይ ያበቃል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። መስመር ሲሰረዝ ሞተሩ ቀሪዎቹን ፖይንተሮች ወደ ግራ ይገፋል፤ የመጨረሻው ፖይንተር አሮጌ ቅጂ ግን ባዶው ቦታ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ 43ኛ የሚመስል ሁለት ባይት ከ42ኛው ጋር አንድ ከሆነ ቅሪት ነው፤ አይቆጠርም። ማረጋገጫው ሁለት ነው፦ ከፖይንተሮቹ ትንሹ 2168 መሆን አለበት፣ የሴሎቹም ርዝመት ከነፃ ቁራጮችና ከብጥስጣሹ ጋር ተደምሮ በትክክል 1928 መምጣት አለበት። ሁለቱም ከገጠሙ 147,459 ላይ 0፣ 147,460 ላይ 42 ይጻፋል። ከዚያ ፍተሻው ይደገማል፤ ኢንዴክሱም ከሠንጠረዡ ጋር እኩል መሆኑን አብሮ ይመሰክራል።

በተመሳሳይ መንገድ የይዘቱ መጀመሪያ ከትንሹ ፖይንተር ወይም ከትንሹ ነፃ ቁራጭ ይገኛል። ብጥስጣሹ በመቀነስ ይሰላል፤ በጤነኛ ገጽ ከ60 አይበልጥም። የቀኝ ጫፍ ልጅ ግን ከራሱ ገጽ አይሰላም፤ ፍተሻው ማንም የማይጠቅሰውን ገጽ ሲያሳይ በማጥራት ብቻ ይገኛል፤ እዚያ ላይ እጩው ከአንድ በላይ ከሆነ እጅ ማንሳትና ወደ መልሶ ማውጫው ትእዛዝ («.ሪከቨር») መሄድ ይሻላል።

የራሳቸውን ማንበቢያ ለሚጽፉ

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚማር ወጣት ይህን ሄደር የሚያነብ አጭር ፕሮግራም መጻፍ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ከመቶ የማይበልጥ መስመር ይበቃዋል። ስሕተቶቹም የታወቁ ናቸው። ገጽ 1 የዳታቤዙን ሄደር ስለሚሸከም የራሱ የገጽ ሄደር 100 ላይ ይጀምራል፤ ፖይንተሮቹ ግን አሁንም ከገጹ መጀመሪያ፣ ከ0 ይቆጠራሉ። 100ውን በሁለቱም ላይ የደመረ ፕሮግራም የሠንጠረዦቹን ዝርዝር አዛብቶ ያነባል። የባይቱን ቅደም ተከተል የዘነጋ ደግሞ 4096ን 16 ብሎ ያነበዋል።

ቶሎ የማይታየው ስሕተት የ65536ቱ ነው። ሁለት ባይት ይህን ቁጥር አይችለውም። ስለዚህ የገጹ መጠን ፊልድ 1 ካለ 65536 ማለት ነው፤ የይዘቱ መጀመሪያ ፊልድ ደግሞ 0 ካለ 65536 ማለት ነው። ሁለተኛው የሚያጋጥመው ገጹ 65536 ባይት ሆኖ ምንም ሴል ሳይኖረው ሲቀር ነው። በ4096 ገጽ ብቻ የተሞከረ ማንበቢያ ይህን ባዶ ገጽ ሲያይ ይዘቱ ከሄደሩ በፊት ይጀምራል ብሎ «ተበላሽቷል» ይላል፤ ጤነኛውን ሊጠግን ከሞከረም ያበላሸዋል። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፦ የተነበበው 0 ከሆነ በ65536 ይተካ። ቁጥሮቹም ምልክት አልባ ተብለው ይነበቡ፤ አለዚያ ከ32767 በላይ ያለው ሁሉ ከዜሮ በታች ይሆናል። ለሙከራ ሁለት ፋይል ይሠራ፤ አንዱ በ512፣ ሌላው በ65536፣ ሁለቱም አንድ ባዶ ሠንጠረዥ ይኑራቸው።

የመሣሪያዎቹ ነጥብ

«ፕራግማ ኢንተግሪቲ ቼክ» የሚታመን ነው፤ ግን በነባሪ 100 ስሕተት ሲሞላ ያቆማል፤ የሠንጠረዦችን የውጭ ቁልፍ ግንኙነትም አይፈትሽም። «ኩዊክ ቼክ» ፈጣን ነው፤ ኢንዴክሱን ከሠንጠረዡ ጋር ስለማያመሳክር ለዕለት እንጂ ለጥገና አይሆንም።

ዳታውን ወደ ትእዛዝ ጽሑፍ የሚገለብጠው «.ደምፕ» መጠነኛ ብልሽት ላለበት ይበቃል። የሚያስከፋው ነገር ስሕተት ካጋጠመው የሚያወጣውን ጽሑፍ የገባውን ሁሉ በሚሰርዘው «ሮልባክ» መዝጋቱ ነው። ያን የመጨረሻ መስመር የገባውን ወደሚያጸድቀው «ኮሚት» ያልቀየረ ሰው ሰዓት ሙሉ አስገብቶ ባዶ ዳታቤዝ ያገኛል።

«.ሪከቨር» ከ3.29.0፣ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ከሁሉም የምንመርጠው እሱን ነው። ገጹን ሁሉ አንድ በአንድ ያስሳል፤ ወላጅ ያጣውን መስመር «ሎስት አንድ ፋውንድ» በሚባል ሠንጠረዥ ያከማቻል። ከ3.40 ወዲህ የገጹ መጠን ፊልድ ቢበላሽ እንኳ ራሱ ለመለየት ይሞክራል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፦ በነባሪ ነፃ ገጾችንም ስለሚያነብ የተሰረዙ መስመሮችን ያስነሳል። የተሰረዘ ደረሰኝ ተመልሶ ሲመጣ የሰኔ 30 ቆጠራ ከመደርደሪያው ጋር አይገጥምም። «ኢግኖር ፍሪሊስት» የሚለው አማራጭ ይጨመር፤ ሄደሩ ላይ ያሉት የነፃ ገጽ ፊልዶች ጤነኛ መሆናቸው ግን አስቀድሞ ይረጋገጥ። የትእዛዝ መስጫው ፕሮግራም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ አዲሱን ስሪት በፍላሽ ይዞ መዞር ይቻላል፤ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ዋጋው ይታወቃል።

የሚቀርበት

5 ያልነው ስለዚህ ነው፦ ኤስኪውላይት በነባሪ ለገጾቹ ቼክሰም (ይዘቱ መለወጡን የሚያሳብቅ ማረጋገጫ ቁጥር) የለውም። ዋሉ ውስጥ ያለ ገጽ ቼክሰም አለው፤ ወደ ዋናው ፋይል ከገባ በኋላ ግን አንድ ባይት ቢገለበጥ የሚያውቅ የለም። ገጽ 37 ዜሮ ሆኖ ወራት ሊቀመጥ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወሰደው ባክአፕ ሁሉ ያንኑ ብልሽት ይገለብጣል። በየገጹ መጨረሻ 8 ባይት ይዞ ቼክሰም የሚጽፍ ተጨማሪ አለ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው ራሱ ካላስገባው ባለሱቁ አያገኘውም። ለባንክ ሥራ ወይም ብዙ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ለሚጽፍበት መጋዘን ይህን ሞተር አንመክርም። በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ላይ ማስቀመጡም የፋይል መቆለፊያው በሥርዓት ስለማይሠራ ብልሽትን መጥራት ነው።

ለአንድ ኮምፒውተር ሱቅ ግን እንመክረዋለን፤ አቀማመጡ ከተስተካከለ። ፕሮግራሙን የሸጠላችሁን ሰው «ሲንክሮነስ» የሚለው ቅንብር (ሞተሩ ጽሑፉ ዲስክ ላይ መድረሱን እንዲጠብቅ የሚያደርገው) ምን ላይ እንዳለ ጠይቁት። «ኦፍ» ካለ ለፍጥነት ብሎ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ፋይሉ ለብልሽት ይጋለጣል። በዋል «ኖርማል» ይበቃል፦ መብራት ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ ደረሰኞች ሊጎድሉ ይችላሉ እንጂ ፋይሉ በዚያ አይሰበርም፤ እነሱም እንዳይጎድሉ የሚፈልግ «ፉል» ያድርገው። ዳታቤዙ በፍላሽ ላይ አይሥራ፤ መጠኑን አጋንኖ የሚያሳይ አስመሳይ ፍላሽ ገጹን የጻፈ መስሎ ይጥለዋል። ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ዩፒኤስ ይኑር። ባክአፑ በ«.ባክአፕ» ትእዛዝ ይወሰድ፤ ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፋይሉን በመዳፊት ጎትቶ መገልበጥ ግማሽ ገጽ ሊያመጣ ይችላል። ከዚያም ባክአፑ ራሱ ይፈተሽ፤ ሙሉው ፍተሻ «ኦኬ» ካላለ የቀደመው ባክአፕ አይሰረዝ።